ሲሞላ ማን ይቀበለዋል

ዕቃ ሁሉ ልክ አለው። እንስራ ውሃን፥ ጎተራ እህልን፥ ብራናም ጽሕፈትን የሚይዘው እስከ ልኩ ድረስ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ዕቃው ከሞላ በኋላ ሌላ ዕቃ ለመፈለግ አይነሣም፤ አስቀድሞ ሁለተኛውን ከጎኑ ያኖራል። ይህን ምክር የማያውቅ ሰው የለም፤ ዳሩ ግን ዐውቆ የሚሠራበት ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ ቪዲዮ በመቅረጽ የሚተዳደር አንድ ዲያቆንም ነገሩን በልጅነቱ ከእናቱ እንስራ አይቶ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ከቴምብር በማትበልጥ በአንዲት ሜሞሪ ካርድ ምክንያት እንደ ገና ሊማረው ግድ ሆነበት።

ሜሞሪ ካርድ ማለት ካሜራ ያየውንና የሰማውን የሚያኖርባት ትንሽ ሠሌዳ ናት። በካሜራዎች ዘንድ እጅግ የተለመደችው ኤስዲ የምትባለው ስትሆን፥ ቁመቷ 32 ሚሊ ሜትር፥ ስፋቷ 24 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቷም 2.1 ሚሊ ሜትር ነው። እርስዋንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሳንዲስክና ቶሺባ፥ በዚያን ጊዜም ማትሱሺታ ይባል የነበረው ፓናሶኒክ፥ ሦስቱ ኩባንያዎች ተስማምተው አወጧት። በውስጧ ያለው የማስታወሻ ዐይነት ግን ከዚያ የቀደመ ነው፤ በቶሺባ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1984 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ነው። የዚህ ማስታወሻ ደግነቱ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበትም የያዘውን አለመልቀቁ ነው።

የዲያቆኑ ካሜራ በሴኮንድ 50 ሜጋ ቢት ይጽፋል። በዚህ ልክ ሲጻፍ 64 ጊጋ ባይት የምትይዝ ካርድ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ትቈያለች። ለሰርግ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ሙሽሮች ከቤት ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ካሜራው ብዙ ጊዜ ይቆማልና ካርድ ለመለወጥ ጊዜ አይታጣም። ኋላም ቪዲዮው ተቈርጦ ተቀጥሎ ስለሚያጥር የጐደለውን የሚጠይቅ የለም። ማሕሌት ግን እንዲህ አይደለም።

ዲያቆኑ በሚያገለግልበት፥ በቅዱስ ሚካኤል ስም በታነጸው ደብር፥ አንድ አረጋዊ የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውም ምእመናኑም የኔታ ይሏቸው ነበር። ድምፃቸው ገና ያልደከመ ቢሆንም ጉልበታቸው ሌሊቱን ሙሉ መቆም እየተሳነው ሄደ። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. የደብሩ ሽማግሌዎች ተመካክረው፥ የኅዳር 12 ቀን ክብረ በዓል ማሕሌት ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው በቪዲዮ እንዲቀረጽ ወሰኑ። ዲያቆኑም ያለ ዋጋ ሊቀርጽ ደስ ብሎት ተቀበለ። የኔታ ግን ነገሩን በሰሙ ጊዜ ዲያቆኑን አስጠርተው እንዲህ አሉት፤

«ልጄ፥ ለጌጥ የሚቀረጽ ከሆነ እንደ ወደድህ አድርገው። ለተማሪ ከሆነ ግን ከመካከሉ ምንም እንዳይጐድል። ከመጽሐፍ ላይ ቅጠል ቢወድቅ አንባቢው ንባቡ አልገጥም ሲለው ያውቀዋል። ከዜማ ላይ ቢወድቅ ግን፥ ቀድሞ ያልሰማው ተማሪ ጐደሎውን እንደ ሙሉ አድርጎ ይይዘዋል።»

«ይሁን የኔታ፤ ምንም አይጐድልም» አለ ዲያቆኑ።

ኅዳር 11 ቀን ማታ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመ። ከኤሌክትሪክ ጋር በገመድ ስላገናኘውም የባትሪ ስጋት አልነበረበትም። ማሕሌቱ ከምሽቱ በ4 ሰዓት ተጀመረ። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፥ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እየተቀበለ፥ መቋሚያውም ጸናጽሉም ከበሮውም በየተራው እየገባ ሌሊቱ ይገሠግሥ ጀመር። በካሜራው መስኮት ላይ የቀረው ደቂቃ በቁጥር ይታያል፤ የዲያቆኑ ዐይን ግን በሥዕሉ ተይዞ ነበር። «ዕረፍት ሲሆን እለውጣለሁ» ብሎ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ማሕሌት ዕረፍቱን በካሜራ ልክ አያመጣም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲሆን ካርዷ ሞላች፤ ካሜራውም ቆመ።

ያ ካሜራ አንድ የካርድ ማስገቢያ ብቻ ነበረው። ካሜራ የጻፈውን ዘግቶ ማውጫውን እስኪያስተካክል ድረስ ካርዱን ማውጣት አይገባም፤ መጻፉን የሚያመለክተው መብራት ሳይጠፋ የሚያወጣ ሰው የመጨረሻውን ክፍል ሊያጠፋ፥ አንዳንድ ጊዜም ሙሉውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዲያቆኑ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ የሞላችውን አወጣ፤ ባዶዪቱን አስገባ፤ ክዳኑን ዘጋ፤ ካሜራው አዲሲቱን እስኪያነብ ጠበቀ፤ ከዚያም መቅጃውን እንደ ገና ተጫነ። ይህ ሁሉ 40 ሴኮንድ ፈጀ። ካሜራው በየሴኮንዱ 25 ሥዕል ያነሣ ነበርና የጐደለው 1,000 ሥዕል ነው። ዲያቆኑ ግን «ከ8 ሰዓት ሌሊት ውስጥ 40 ሴኮንድ ምን አላት?» ብሎ ራሱን አጽናና፤ ለማንም ሳይናገር ቀረ።

በዚያች 40 ሴኮንድ ውስጥ ሊቃውንቱ አንዱን ዚቅ በቁም ብለው ፈጽመው ወደ ዝማሜ ይሻገሩ ነበር። ቁም የሚባለው ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፥ ረጋ ባለ ድምፅ የሚባለው ነው፤ ዝማሜ ደግሞ መቋሚያ ወዲህና ወዲያ እየተዘነበለ የሚባለው ነው። በዚያ ደብር የመሻገሪያውን ጊዜ የሚያሳዩት የኔታ ነበሩ። የመጨረሻዪቱን ቃል ሳብ አድርገው ያዘገዩአትና መቋሚያቸውን ብድግ ያደርጋሉ፤ ቀኙም ግራውም ያን አይቶ በአንድነት ይነሣል። ካሜራው ያላየው ይህን ነው። ቪዲዮውን የሚያይ ሰው ሊቃውንቱ ቆመው ሲያዜሙ ያይና፥ በዐይን ጥቅሻ በዝማሜ መካከል ያገኛቸዋል።

ቪዲዮው ከበዓሉ በኋላ ለተማሪዎች ተሰጠ፤ ከስልክ ወደ ስልክም እየተቀዳ ወደ ሌሎች አጥቢያዎች ሄደ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፥ ከጎጃም ለትምህርት የመጣ አንድ ልጅ ከየኔታ ፊት ቆሞ ያን ዚቅ አዜመ። ድምፁ የተወደደ፥ አያያዙም የተጠነቀቀ ነበር። ከመሻገሪያው ሲደርስ ግን የመጨረሻዪቱን ቃል ዘልሎ ከዝማሜው መካከል ገባ።

«ቁም» አሉት የኔታ። «የመጨረሻዪቱን ቃል የት ጣልሃት?»

«የኔታ፥ እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፤ በቪዲዮው ላይ።»

የኔታ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ዲያቆኑን አስጠርተው ልጁ ስልኩን እንዲከፍት አዘዙ። ሦስቱ አብረው አዩ። ከዚያች ስፍራ ሲደርሱ ዲያቆኑ ፊቱን ዝቅ አድርጎ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ካርዷ ሞልታ እንደ ነበረና እስኪለውጣት ድረስ 40 ሴኮንድ እንዳለፈ ገለጠ።

የኔታም «ዕቃህ ስለ ሞላ አልቈጣህም፤ ዕቃ ይሞላል። ዝም በማለትህ ግን እቈጣሃለሁ። ከዚህ ላይ ጐድሏል ብለህ ብትጽፍበት ኖሮ ይህ ልጅ መጥቶ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ግን ያንተን ዝምታ ተምሮ የኔ ትምህርት ነው ይላል» አሉት።

ይህ ቃል በዲያቆኑ ልብ ውስጥ ገባ። በዚያው ሳምንት ቪዲዮውን ከፍቶ በመቋረጫው ስፍራ ላይ «ከዚህ 40 ሴኮንድ ጐድሏል፤ ከመምህር ይጠየቅ» የሚል ጽሑፍ አኖረበት። ነገር ግን አስቀድሞ በየስልኩ የተበተነውን ሰብስቦ ሊያርመው አልተቻለውም። ልጁ ስሕተቱን በሦስት ቀን አረመ፤ በሌላ አጥቢያ የሚኖር፥ የኔታን የማያውቅ ተማሪ ግን የሚያርመው እንዳለ ዲያቆኑ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የደብሩ ሽማግሌዎች ነገሩን በሰሙ ጊዜ ለሚመጣው ዓመት ብዙ ምክር ቀረበ። አንዱ «ትልቅ ካርድ ይገዛና ሐሳቡ ይለቅ» አለ። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ 256 ጊጋ ባይት የምትይዝ ካርድ በዚያው ልክ 11 ሰዓት ያህል ስለምትቀዳ ሌሊቱን ሙሉ ትበቃለች። ነገር ግን ካርድ የሰው እጅ ሥራ ናትና ያለ ማስጠንቀቂያ የምትበላሽበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜም ሌሊቱ በሙሉ በአንድነት ይጠፋል። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያከማቸ ሰው ነቀዝ ሲገባበት ለዘር የሚሆን እንኳ አይተርፈውም። ሌላው ደግሞ «ፎቶግራፍ የሚያነሣው ካሜራ ቪዲዮም ይቀዳልና በእርሱ ይቀዳ» አለ። ከእነዚያ ካሜራዎች ብዙዎቹ ግን 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲሆን ራሳቸው እንዲያቆሙ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ምክንያቱም 30 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ የሚቀዳው በአውሮፓ የጉምሩክ ደንብ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቈጥሮ ቀረጥ ይጠየቅበት ስለ ነበረ ነው።

ዲያቆኑም የቀደሙት ሰዎች ይህን ችግር እንዴት እንደ ተወጡት ይመረምር ጀመር፤ ችግሩ ከካርድ ጋር የመጣ አይደለምና። ሲኒማ በፊልም ይነሣ በነበረበት ዘመን፥ 1,000 ጫማ ርዝመት ያለው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲሄድ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቈይ ነበር። አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ዲሬክተር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. የወጣውን «ሮፕ» የተባለ ፊልም ሲሠራ፥ ታሪኩ ያለ ማቋረጥ የሚሄድ እንዲመስል ወደደ። ስለዚህ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በአንዳንድ ስፍራ ካሜራውን ወደ አንድ ተዋናይ ጀርባ እያስጠጋ ሥዕሉን ያጨልመውና፥ ሁለተኛውን ጥቅል ከዚያው ጨለማ ይጀምር ነበር። ይህ ግን መጋጠሚያውን መሰወር ነው፤ ተዋናዮቹ ቆመው ይጠብቁታል። ማሕሌት ግን የሚጠብቅ አይደለም።

ከዚህ የተሻለው ምሳሌ በሲኒማ አዳራሽ ተገኘ። በዚያ ሁለት ማሳያ መኪናዎች ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። በአንደኛው ያለው ጥቅል ሊያልቅ ሲቃረብ በሥዕሉ ቀኝ፥ በላይኛው ማዕዘን፥ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ሠራተኛው ያችን አይቶ አስቀድሞ የተሰናዳውን ሁለተኛውን መኪና ያስነሣል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላም ሌላ ምልክት ሲያይ ሥዕሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል። ተመልካቹ ምንም ሳያውቅ ታሪኩ ይቀጥላል። በዚህ አሠራር አንደኛው የሚያርፈው ሁለተኛው መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ዲያቆኑ ከሰርግ ባጠራቀመው ገንዘብ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ካሜራ ገዛ። እንዲህ ያለው ካሜራ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው መንገድ በሁለቱም ካርዶች ላይ ያንኑ ሥዕል በአንድ ጊዜ መጻፍ ነው፤ ይህ አንዲቱ ብትበላሽ ሌላዪቱ እንድትተርፍ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። ሁለተኛው መንገድ ተራ በተራ መጻፍ ነው፤ አንደኛዪቱ ስትሞላ ካሜራው ሳይቆም ወደ ሁለተኛዪቱ ይሻገራል። ሲሻገር አንድ ሥዕል እንኳ አይጐድልም። ይህ የሚሆነው ግን ሁለተኛዪቱ አስቀድማ ገብታ፥ ካሜራው አንብቧትና ባዶ መሆንዋን ዐውቆ፥ ተራዋን ስትጠብቅ ከሆነ ነው። ከተሻገረ በኋላ ሰውየው የሞላችውን በእርጋታ አውጥቶ በስፍራዋ ሌላ ባዶ ካርድ ያስገባል፤ ለዚህም የሚቀጥለው 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሁሉ አለው። ችኰላው በዝግጅት ስለ ተተካ የሚያስፈራ ነገር አይቀርም፤ የሚያስፈራ ቢኖር የሰውየው ዝንጋታ ነው።

እንዲህ ተቀድቶ ሙሉ የሚመስለው ቪዲዮም ብዙ ጊዜ ከብዙ ቍራጭ የተጋጠመ ነው። 32 ጊጋ ባይትና ከዚያ በታች የሚይዙ ካርዶች በሚሠሩበት ሥርዐት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ሊበልጥ አይችልም፤ ስለዚህ ካሜራው ሳያቋርጥ እየቀዳ ፋይሉን ግን በየ4 ጊጋ ባይቱ እየዘጋ ሌላ ይከፍታል። የሚሠራበት ሰው ሁሉንም ካርዶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ በየቅደም ተከተላቸው ሲያገጥማቸው አንድ ይሆናሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቢዘለል ግን ያው የ2009 ዓ.ም. ጕድለት ይመለሳል።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር 11 ቀን ማታ ዲያቆኑ ሦስት ካርዶች ይዞ መጣ። ሦስቱንም በቀኑ በዚያው ካሜራ ፎርማት አድርጎ አሰናድቷቸው ነበር። ሁለቱን በካሜራው አስገባ፤ ሦስተኛዪቱን በደረት ኪሱ አኖረ። በዚህ ዓመት ዐይኑ ከቁጥሩ አልተለየም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲሆን መብራቱ ከአንደኛው ማስገቢያ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ በሥዕሉ ላይ ምንም አልታየም፤ ማሕሌቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ። ዲያቆኑ ትንፋሹን ለቀቀ።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሞላችውን ካርድ አወጣ፤ በጎንዋ ያለችውንም ትንሽ መቈለፊያ ወደ ታች ገፋ አደረጋት። ይህች መቈለፊያ የገብስ ፍሬ የምታህል ስትሆን ከተዘጋች ካሜራው በዚያች ካርድ ላይ ሊጽፍም ሊያጠፋም አይችልም። ዲያቆኑ ይህን ልማድ ያገኘው ከየኔታ ነው፤ እርሳቸው አንዱን መጽሐፍ ወደ ማኅደሩ ሳይመልሱ ሌላውን ከቶ አይከፍቱም ነበርና። ነገር ግን እንቅልፍም ድካምም ስለ ከበደው ካርዷን በሌላ ስፍራ ማኖር ሲገባው ባዶዪቱ ባለችበት በዚያው ኪስ ከተታት። ሁለቱ በመልክም በቀለምም አንድ ነበሩ። ከዚያም እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ያገኛትን አወጣና በአንደኛው ማስገቢያ አስገባት።

ካሜራው በመስኮቱ ላይ የቍልፍ ምልክት አሳየ። ዲያቆኑ ደነገጠ፤ ያስገባት አሁን ያወጣትን፥ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የያዘችውን ካርድ ነበረች። መቈለፊያዋ ባይዘጋ ኖሮ ካሜራው ቦታ የላትም ይለው ነበር፤ እርሱም «ዛሬ ቀን ባዶ አድርጌያት የለምን?» ብሎ፥ በእንቅልፍ እጁ እንደ ገና ፎርማት ባደረጋት ነበር። ፎርማት ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ማውጫውን ስለ ሆነ፥ ሌላ ነገር ሳይጻፍባት ወደ ባለሙያ የደረሰች ካርድ የያዘችውን ልትመልስ ትችላለች። ይህች ካርድ ግን ተራዋን ጠብቃ በ9 ሰዓት ተኩል በላይዋ ትጻፍባት ነበርና የሌሊቱ መጀመሪያ በሌሊቱ መጨረሻ በተሸፈነ ነበር።

ዲያቆኑ እጁ እየተንቀጠቀጠ የተቈለፈችውን አወጣ፤ በመሐረብ ቋጥሮ በሌላ ኪስ አኖራት፤ ባዶዪቱንም በስፍራዋ አስገባ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ካሜራው ሁለተኛ ጊዜ ተሻገረ። በነጋም ጊዜ ማሕሌቱ ሲፈጸም ሦስት ካርዶች በእጁ ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸውም ላይ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብሎ ቁጥር ጻፈባቸው። ቁጥሩን ከማታው ቢጽፈው ኖሮ ያን ድንጋጤ ባላየ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠ፤ ሁለቱም መከፈታቸውን አይቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ካርዶቹን አላጠፋም።

በሳምንቱ የኔታ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አዩ። መጋጠሚያው በየት እንደ ሆነ ሊያገኙት ፈልገው ብዙ ከመረመሩ በኋላ፥

«ልጄ፥ ካርዱ የተለወጠው የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እዚህ ላይ ነው የኔታ» ብሎ ሰዓቱን አይቶ አሳያቸው። ደግመው ሰሙት፤ ዜማው ያለ እንከን ያልፍ ነበር።

«እንግዲያስ እንደ ቀኝና እንደ ግራ ነው» አሉ። «ግራው ቃሉን ካልያዘ ቀኙ አይለቅም። ይህን ከማሕሌቱ ወስደው ነው የሠሩት እንዴ?»

ዲያቆኑ ሳቀ። የኔታ ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን በመቋሚያቸው ላይ አድርገው ጥቂት አሰቡና «ለዚህ ዕቃ ሁለተኛ ስፍራ አበጀህለት፤ ለእኔስ? እኔ ብሞላ ማን ይቀበለኛል?» አሉት። ዲያቆኑ የሚመልሰው አጣ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቀድቷቸዋል፤ ነገር ግን በካሜራው ውስጥ ያለው ድምፅ ስሕተት ሲሰማ «ቁም» ብሎ የማያርም መሆኑን ከዚያ ልጅ አይቷል። የኔታም «ያ ቃል ዘልሎ የነበረው ልጅ ይምጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ በበዓል ሌሊት ከአጠገቤ ይቁም» አሉ። አንዳንዶች ገና ሕፃን ነው ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን «የሚቀበል ሰው የሚፈለገው ሰጪው ሳያልቅ ነው» ብለው ቃላቸውን አጸኑ።

በ2011 ዓ.ም. በዚያው በዓል ዲያቆኑ ቁጥር የተጻፈባቸውን ካርዶች ይዞ መጣ፤ የሞላው የሚገባበትንና ባዶው የሚወጣበትን ኪስም ለየ። ካሜራው በሰዓቱ ተሻገረ፤ ማንም አላወቀም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የኔታ አንዱን ዚቅ በቁም ሲያዜሙ፥ ከመሻገሪያዪቱ ቃል ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አለቀ። ድምፃቸው ሳሳ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ቃሉ አልወጣም። ከአጠገባቸው የቆመው ልጅ በዚያች ቅጽበት ቃሉን ከአፋቸው ተቀብሎ እንደ እርሳቸው ሳብ አድርጎ አዘገየው። የኔታም በሁለት እጃቸው መቋሚያቸውን ብድግ አደረጉ፤ ቀኙም ግራውም ተነሣ።

በዚያ ቪዲዮ ላይ የካርዶቹን መጋጠሚያ የሚያገኝ ሰው የለም። የድምፁ መጋጠሚያ ግን ለሰማው ሁሉ ግልጥ ነው፤ ያረጀው ድምፅ ሲያርፍ የልጁ ቀጭን ድምፅ ይነሣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ከአምናው ቪዲዮ ተወስዶ በዚህ ላይ ቢተካ ያምር ነበር፤ ይህ የየኔታን ድካም ያሳያል» አለ። ዲያቆኑም ሊያደርገው ይችል ነበርና የኔታን ጠየቃቸው።

«ተወው» አሉ የኔታ። «ያን ጊዜ 40 ሴኮንድ ጐድሎ ሙሉ ይመስል ነበር። አሁን ምንም ሳይጐድል የጐደለ ቢመስል ምን ይጐዳል?»

ዲያቆኑም ቪዲዮውን እንዳለ ለተማሪዎች ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ሊማሩ ወደ እርሱ የሚመጡትን ወጣቶች አስቀድሞ የሚያስተምራቸው ካሜራ መክፈትን አይደለም። ሁለት ባዶ ካርዶች በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ቁጥር ያስጽፋቸዋል፤ መቈለፊያውን ያሳያቸዋል፤ ከዚያም «ይህ ሲሞላ ማን ይቀበለዋል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። መልሱን በእጁ ይዞ ያልመጣ ተማሪ በዚያ ቀን ካሜራውን አይነካም።